ትሉን በመድኃኒት ከጨረስነው ቢራቢሮዋ ከየት ትምጣ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ግቢያችን ውስጥ አንድ የሎሚ ዛፍ አለ። ሰሞኑን ለጋ ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር አየሁ። ጠጋ ብዬ ሳየው ለካ ትል ነው። ጎረቤቴ «ቶሎ መድኃኒት ካልረጨሽ ዛፉን ይጨርሰዋል» አለችኝ። ልጄ ደግሞ ትምህርት ቤት «ቢራቢሮ እየጠፋ ነው» ሲባል ሰምቶ፣ አበባ ካልተከልን እያለ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኝ። ትሉን ምን ላድርገው? ቢራቢሮ እንዳይጠፋስ አበባ መትከልና ሰው እንዳይነካው መጠበቅ አይበቃም ወይ?
ሰዓዳ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እህቴ ሰዓዳ፣ መድኃኒቱን ተዪው። ልጅሽ የሚፈልጋት ቢራቢሮ ያው ትሉ ናት።

ጥቁር ክንፏ ላይ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነጠብጣብ ያላት፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል ከግቢ ግቢ የምትዞር ትልቅ ቢራቢሮ ሳታዪ አትቀሪም። ሳይንሳዊ ስሟ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ነው። እንቁላሏን አንድ በአንድ የሎሚና የብርቱካን ለጋ ቅጠል ላይ ትጥላለች። ትሉ ትንሽ ሳለ ወፍ እንዳይበላው ኩስ መስሎ ይቀመጣል። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆንና ከቅጠሉ ጋር ይመሳሰላል። ልጅሽ በስንደዶ ጫፍ ቀስ አድርጎ ይንካው። ከራሱ ኋላ ለሁለት የተከፈለ ብርቱካናማ ቀንድ ብቅ ያደርጋል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ጠላት የሚያባርርበት ነው እንጂ አይናከስም። ባዮሎጂ ሳስተምር በነበረበት ጊዜ ተማሪዎቼ ከመጽሐፉ ይልቅ ከዚህ ቀንድ ይማሩ ነበር።

ትሉ ጠግቦ ሲያበቃ ቅርንጫፍ ላይ ወገቡን በቀጭን ክር ያስራል። ቆዳውን ገፎ ደረቅ ሽፋን ይለብሳል፤ ይህ ፑፓ ይባላል። ቢራቢሮዋ የምትወጣው ከዚያ ነው። የደረሰ የሎሚ ዛፍ በጥቂት ትል አይሞትም፣ ቅጠሉን መልሶ ያወጣል። ችግኝ ያለው ሰው ግን ትሎቹን በእጁ ለቅሞ ወደ ትልቅ ዛፍ ያዛውራቸው። ደግነቱ ይህቺ ቢራቢሮ የመጥፋት አደጋ የለባትም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። አበባ መትከል ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም። አበባ የሚመግበው ክንፍ ያወጣችዋን ነው። ትሉስ ምን ይብላ? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ጥበቃ ሲጀመር ምን እንደሚከተል እንግሊዝ አገር ታይቷል።

እዚያ ትልቋ ሰማያዊ የምትባል ቢራቢሮ አለች። እንቁላሏን የምትጥለው ጦስኝ እምቡጥ ላይ ነው። አዎ፣ ጦስኝ! ሻይ ውስጥ የምንጨምረው የኛ የደጋ ጦስኝ የቅርብ ዘመድ። ትሉ ሁለት ሦስት ሳምንት አበባውን ይበላና መሬት ይወድቃል። ከሰውነቱ ጣፋጭ ፈሳሽ ያወጣል። ቀይ ጉንዳን ያገኘውና ይልሰዋል። ሽታው የራሱ ልጅ ስለሚመስለው ተሸክሞ ጎሬው ያስገባዋል። ትሉ ዘጠኝ አሥር ወር እዚያ ጨለማ ውስጥ ይኖራል፤ የሚበላውም የአሳዳጊዎቹን ልጆች ነው። ክብደቱን ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚያገኘው እዚያ ነው። ፑፓ የሚሆነውም እዚያው። በበጋቸው ከጉንዳኑ ጉድጓድ ቢራቢሮ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ የቀናት ብቻ ነው።

ቢራቢሮዋ እየተመናመነች ስትሄድ ሰዎች ጥፋቱን በቢራቢሮ ሰብሳቢዎች አሳበቡ። መስኩን አጠሩት። አጥሩ ሰብሳቢውን ሲከለክል ከብቱንም አብሮ ከለከለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ደግሞ ሣሩን የሚግጡት ጥንቸሎች በበሽታ አለቁ። ሣሩ አደገ። በ1970ዎቹ ጄረሚ ቶማስ የተባለ ተመራማሪ ነገሩን ከሥር ከሥር ተከታትሎ ደረሰበት። ትሉን በደህና የሚያሳድገው ሚርሚካ ሳቡሌቲ የተባለው የጉንዳን ዝርያ ነው። ይህ ጉንዳን ሙቅ አፈር ይፈልጋል። ሣሩ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ አፈሩ ይቀዘቅዛል፣ ጉንዳኑም ቦታውን ይለቃል። ጦስኙ አለ፣ አሳዳጊው ግን የለም። መልሱ የተገኘው ከረፈደ በኋላ ነበር፤ በ1979 ቢራቢሮዋ ከብሪታንያ ጠፋች። የሚያሳዝነኝ አጥሩን ያጠሩት የሚወዷት ሰዎች መሆናቸው ነው።

ከዚያ ቁጥቋጦው ተመነጠረ፣ ከብት ተመልሶ ገባ፣ ሣሩ አጠረ። ጉንዳኑም ተመለሰ። ከ1983 ጀምሮ ከስዊድን ዘሯን አምጥተው ለቀቁ። ዛሬ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በበርካታ ቦታዎች ትበራለች።

«ታዲያ የኛም የተከለለ ተራራ ለከብት ይከፈት?» የሚል አይጠፋም። በፍጹም! የኛ ዳገት ጣጣው ሌላ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ ሰው ጎርፍ አፈሩን እንዴት እንደሚያጥበው ያውቃል። እኔ የምለው፣ አንድን ፍጥረት እናድን ስንል መጀመሪያ ከእንቁላሉ ጀምሮ ኑሮውን እንወቅ ነው።

ለልጅሽ በሶብላ ትከሉለት። ሲያብብ ቢራቢሮም ንብም ይመጣበታል። የወፍ ቆሎ ግን አደራ፣ አትትከሉ። ቢራቢሮ ቢወደውም ግጦሽ ይወርራል፣ ከብትም ይመርዛል። ሎሚው ላይ ያሉትን ትሎች ደግሞ ልጁ በየቀኑ እያየ በደብተሩ ይሳላቸው።

ጥያቄ፦ የቢራቢሮ ክንፍ ላይ ያለው ዱቄት ዓይን ያሳውራል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?
እንድሪስ፣ ከደሴ

መልስ፦ አያሳውርም፣ እንድሪስ። ዱቄት የመሰለህ እላይ በላይ የተደረደረ ጥቃቅን ቅርፊት ነው፤ የክንፉ ቀለምም እሱው ነው። ዓይንህ ውስጥ ከገባ በንጹህ ውኃ ታጠበው። ቢራቢሮዋን ግን ክንፏን ይዘህ አታንሳት፤ የረገፈው ቅርፊት ተመልሶ አይበቅልላትም።