«ነፍስ ይማር» ያላልኩበት ቀን

ልጆቼ፣ ባለፈው ሳምንት እኩለ ሌሊት ላይ ከጂዳ ተደወለልኝ። የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ናት። ሰው ቤት ትሠራለች፤ የሰለመችውም እዚያ ከሄደች በኋላ ነው። እናቷ አገር ቤት በክርስትናዋ እንዳለች አረፈች። ልጅቷ ለቀብሩ መድረስ አልቻለችም። ለቅሶ እያቋረጣት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ እናቴ አሁን የት ናት?»

ዝም አልኩ። ይህን ጥያቄ በ1988 ዓ.ም. ሌላ ሰው ጠይቆኝ ነበር። ያኔ ግን ዝም አላልኩም።

እናቴ ሐይቅ አካባቢ ከክርስቲያን ቤተሰብ ተወልዳ፣ አባቴን ስታገባ የሰለመች ናት። ለወሎ ሰው ይህ ብርቅ አይደለም። ሠርግ ላይ የእስላም ሥጋ ለብቻ፣ የክርስቲያን ሥጋ ለብቻ ይሠራል፤ ዘመድ ግን ተቀላቅሎ ይጨፍራል። እኔም ክረምት ክረምት የምሄደው አያቴ ጋ ነበር። በ1970 ነሐሴ ላይ ረመዳንና ፍልሰታ ገጠሙ። 13 ዓመቴ ነው። አያቴ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ትነሳለች። ውጭ ዝናብ ነው፤ እርጥቡ እንጨት አልነድ እያለ፣ ጢሱ ዓይኗን እያስለቀሳት ለሱሑሬ ወተት ታፈላልኛለች። እሷ ፍልሰታን ስለምትጾም ወተቱን አትቀምሰውም። ግድግዳው ላይ አንዲት ትንሽ ጥቁር ድስት ተሰቅላለች። የእኔ ብቻ ናት። የክርስቲያን ሥጋ እንዳይነካት ብላ ለሌላ ነገር አታወርዳትም፤ ጎረቤት ድስት ሊዋስ ቢመጣ እንኳ «እሷ የልጄ ናት» ብላ ትመልሰዋለች። ጠጥቼ ስጨርስ «በል አፍህን ተጉመጥመጥ፣ ሊነጋብህ ነው» ትለኛለች።

ነርስ ሆኜ ደሴ ሥራ ያዝኩ። ከ1983 በኋላ የዳዕዋ፣ ማለትም የእስልምና ትምህርት ካሴት በየሱቁ ነበር፤ ሌት ተቀን እሰማለሁ። ሶላቴ ተስተካከለ፣ ጫት ተውኩ። በዚህ አልቆጭም። ግን ዕውቀቱ ሳይበስል ምላሴ ቀደመ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት አያቴ ቤት ገብቼ ውኃ እንኳ አልቀበላትም ነበር። ድስቷ ግን ግድግዳው ላይ ነበረች።

አያቴ በ1988 አረፈች። ስደርስ ድንኳን ተጥሏል። ሰው እየገባ «ነፍስ ይማር» ይላል። እኔ ከንፈሬን ገጥሜ ተቀመጥኩ። ይህ ቃል ምሕረት መለመን ነው፣ በሌላ እምነት ለሞተ ሰው ኢስቲግፋር አይደረግም ብዬ ነው። «አላህ ያጽናችሁ» ማለት እችል ነበር፤ እሱን ማንም አልከለከለኝም። እሱንም አላልኩም። አጎቴ አየኝ፣ ዓይኑንም መለሰ።

ማታ ለቀስተኛው ሲበተን እናቴን ማጀት ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት። ድስቷን ከግድግዳው አውርዳ ጭኗ ላይ ይዛታለች። «አንተ ኪታቡን ታውቃለህ። እናቴ የት ገባች?» አለችኝ።

«እሳት» አልኳት።

ማስረጃም ጨመርኩላት። የሱራውን ስም፣ የአንቀጹን ቁጥር። እናቴ ድስቷን በነጠላዋ ጠረገችና አጠገቧ አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ 9 ዓመት ኖረች፤ በእነዚያ 9 ዓመታት የእናቷን ስም እኔ ፊት አንስታ አታውቅም። ስታርፍ ድስቷን አልጋዋ ሥር አገኘኋት።

ማስረጃው ውሸት አልነበረም። ለጂዳዋ ልጅም አልደበቅኳትም። ዑለማዎች፣ የሃይማኖቱ ሊቃውንት፣ ከቁርኣን አት-ተውባ 113ን ይዘው፣ በሌላ እምነት ለሞተ ዘመድ ኢስቲግፋር አይደረግም ይላሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያሳደጓቸው አጎታቸው አቡ ጣሊብ ሳይሰልሙ ሲሞቱ፣ አንተ የወደድከውን አታቀናም ተብለዋል። ለእናታቸው ለአሚናም ምሕረት ሊለምኑላት ፈቃድ ጠይቀው አልተፈቀደላቸውም። ቀብሯን መጎብኘት ግን ተፈቀደላቸው። ሄዱ። አለቀሱ፤ አጠገባቸው ያሉትንም አስለቀሱ። ሁለቱም ያለው አንድ ሐዲስ ውስጥ ነው። እኔ ክልከላውን ሸምድጄ ለቅሶውን ዘልዬዋለሁ።

ሌላም የዘለልኩት ነበር። ሶሓባው፣ የነቢዩ ባልደረባ የነበረው ዑስማን ኢብን መዝዑን ሲሞት አንዲት ሴት «አላህ አክብሮሃል» ስትል፣ ነቢዩ «በምን አወቅሽ?» አሏት። ስለ ሶሓባ እንዲህ ከተባለ፣ እኔ ማን ሆኜ ነው አያቴን በስም ጠርቼ እሳት ውስጥ የማስገባት? አል-ኢስራእ 15 ላይ አላህ መልእክተኛ ሳይልክ እንደማይቀጣ ተናግሯል። በ1111 እ.ኤ.አ. ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ ደግሞ፣ ጥሪው ፈጽሞ ያልደረሰው ብቻ ሳይሆን ተበላሽቶ የደረሰውም ሰው ዑዝር፣ ማለትም የሚያስምረው ምክንያት አለው ብለዋል። አያቴ ጋ እስልምና እንዴት እንደደረሰ አላህ ያውቃል። ምናልባት በእኔ በኩል ነው የደረሳት። ውኃዋን አልቀበልም ባልኩት በእኔ። ሌሊት የሚያስነሳኝ ይህ ነው።

ዛሬ ልጆች በሟች ፎቶ ሥር «ነፍስ ይማር ሐራም ነው፣ አይደለም» እየተባባላችሁ ስትሰዳደቡ አያለሁ። ፎቶው የሰው እናት ነው። ልጇ ታነበዋለች። ግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ አይቶ ስለ ሰው አኺራ፣ ስለ ወዲያኛው ዓለሙ መፍረድ ከእኛ ጊዜ ካሴት የባሰ ነው፤ እኛ ቢያንስ ሙሉውን እንሰማ ነበር። ሕጉን ከዓሊም ጠይቁ፣ ከእኔም አትውሰዱ።

እኔ አሁንም ለቅሶ ቤት «አላህ ያጽናችሁ» ነው የምለው። ግን አንድ ሌሊት ተረኛ ሳለሁ አንዲት ክርስቲያን አሮጊት እጄ ላይ አረፉ። ልጆቻቸው ገና መንገድ ላይ ነበሩ። ዓይናቸውን ስከድን «ነፍስ ይማር» ከአፌ ወጣ። ትክክል ነው አልላችሁም። መልሼ ግን አልዋጥኩትም።

እናታችሁ በሕይወት ካለች ነገሩ ቀላል ነው። የሶሓባው የአቡ በክር ልጅ አስማ፣ ሙሽሪክ (ጣዖት አምላኪ) እናቷ ልትጠይቃት ስትመጣ፣ ነቢዩ «ዝምድናሽን ቀጥዪ» ነው ያሏት። ደውሉላት።

ለጂዳዋ ልጅ «አላውቅም» አልኳት። «ፈጣሪዋ እጅ ናት፤ እሱ ከእኔም ከአንቺም ይበልጥ አዛኝ ነው» አልኳት። አል-ማኢዳህ 118 ላይ ያለውን የዒሳን (የኢየሱስን) ቃልም ነገርኳት፤ ብትቀጣቸው ባሮችህ ናቸው፣ ብትምራቸውም አንተ አሸናፊው ጥበበኛው ነህ የሚለውን። ነቢዩ ይህችን አንቀጽ እየደጋገሙ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ማንጋታቸው ተዘግቧል። ልጅቷ ቁጥሩን ጻፈችው። ከዚያ ረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ እኔም ስልኩን ሳልዘጋ ጠበቅኳት።

ለመስከረም ትኬት ቆርጣለች። ከኤርፖርት ተቀብያት እናቷ ቀብር ጋ አብረን እንሄዳለን።