«ልምድ የለሽም» ለተባልሽው እህቴ

ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተመርቀሽ 8 ወር ሆኖሻል። ያመለከትሽበት ሁሉ ልምድ ይጠይቃል። አባትሽ ባንክ ግቢ ይሉሻል። ላፕቶፕሽ ላይ የጫንሽው ዴቢያን (በነፃ የሚገኝ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ውስጥ ደግሞ አንድ ፕሮግራም ስሙ በአማርኛ የተጻፈ ፋይል ስትከፍቺበት ድርግም ብሎ ይጠፋል። ጓደኛሽ ችግሩን ለዴቢያን ሰዎች ሪፖርት አድርጊው ቢልሽ «እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ ደግሞ በነፃ ሠርቼ ምን ላገኝ?» አልሽ።

እዚህች ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ልምድ ማለት ቀጣሪ ማኅተም የመታበት ወረቀት ብቻ አይደለም። እኔ ሥራ የጀመርኩት በሶፍትዌር ሞካሪነት ነው። ሰው ስቀጥርም መጀመሪያ የማየው ችግርን እንዴት እንደሚያስረዳ ነው። «አይሠራም» ብሎ የሚልክማ ሞልቷል።

ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈቺና reportbug (ሪፖርትበግ፣ የዴቢያን ችግር ማሳወቂያ ፕሮግራም) ብለሽ ከጎኑ የፓኬጁን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጫነበትን ጥቅል፣ ስም ጻፊ። ቀድመው የተመዘገቡትን ችግሮች ያወጣልሻል። ሳታነቢ አትለፊ፤ ያንቺው ካለ እዚያው ላይ የምታውቂውን ጨምሪበት። ቨርዥኑን ራሱ ይሞላዋል። ክብደቱን ሲጠይቅሽ ስላናደደሽ ብቻ «ክሪቲካል» አትበይ፤ ያ ከባድ የዳታ መጥፋት ለሚያመጣ ዓይነት ነው። ከዚያ ምን እንዳደረግሽ፣ ምን እንደተፈጠረ፣ ምን ጠብቀሽ እንደነበር ጻፊ። «ፋይሉን ‹ሰላም› ብዬ ሰይሜ ከፈትኩት፤ ፕሮግራሙ ተዘጋ። ያንኑ ፋይል በላቲን ፊደል ስሰይመው ይከፈታል።» ለዚህ የስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ይበቃል። ያቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ወርቅ ናት፤ የሚጠግነው ሰው ከየት እንደሚጀምር ታሳየዋለች።

ሪፖርቱ በኢሜይል ወደ ዴቢያን የችግሮች መዝገብ ይሄዳል፤ ቁጥር ይሰጠዋል። ማንም ሰው ገብቶ ያነበዋል፣ የኢሜይል አድራሻሽም አብሮ ይታያል። ስለዚህ ለሥራ የከፈትሽውን ኢሜይል ተጠቀሚ። ቁጥሩን ሲቪሽ ላይ አስፍሪው። ሦስት አራት እንዲህ ያሉ ሪፖርቶች ይዛ የመጣችን ልጅ እኔ ቁጭ ብዬ አነጋግራታለሁ።

አባትሽ ባንክ የሚሉት የሚያውቁት እሱን ስለሆነ ነው። ተሳስተዋል። አንቺም ግን አስቤዛው በእሳቸው ጫንቃ ላይ እያለ 8 ወር ቤት መቀመጥሽ ልክ አይደለም። የአይቲ ድጋፍም ሆነ የኮምፒውተር ጥገና ያዢ። ደሞዙ ትንሽም ቢሆን ለቤቱ አዋጪ፤ ማታ ማታ ሪፖርትሽን ጻፊ።

ተበድረሽ ልትገቢበት ያሰብሽው የሰርተፍኬት ኮርስ ይቅርብሽ። ማስተርሱም ይቆይ።

የመጀመሪያው ቁጥር ሲደርስሽ ላኪልኝ፤ አነበዋለሁ።