አትክልት ከሰል ላይ ስትጠብሺ ውጪው አርሮ ውስጡ ጥሬ ለሚሆንብሽ

ካሮቱና ድንቹ ከሰል ላይ አርረው ውስጣቸው ጥሬ የሚሆነው ከዝኩኒውና ከቃሪያው ጋር እኩል ስለምትጥጃቸው ነው። መጀመሪያ ለብቻ በጨው ውሃ ቀቅያቸው። ሹካ ሲገባላቸው፣ ሳይፈርሱ አውጪና ውሃቸውን በደንብ አንጠፍጥፊ።

ከሰሉ ነበልባሉ ጠፍቶ አመድ ሲለብስ ሁሉንም ዘይት ቀብተሽ ደርድሪ። ዝኩኒው በጣት ውፍረት ይቆረጥ። ጨው የሚነሰነስበት ሊወጣ ሲል ነው፤ ቀድሞ ከገባ ውሃ ያወጣና መጠበሱ ቀርቶ ይቀቀላል።

በርበሬውን ግን ከዘይቱ ጋር እንዳትለውሺው! እሳት ላይ ቶሎ ያርራል፣ ምሬቱም አይለቅም። እኛ ደሴ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው በሎሚና በተፈጨ ነጭ ሽንኩርት በጥብጠን የምንቀባው። ለበጋ ምሳ ቀዝቀዝ ብሎ ቢቀርብም ይጣፍጣል፤ ከጥብስ ጎን በጣም ነው የሚሄደው።