ባሌስትራህን ቶሎ አትጣለው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። የ1969 ሸቭሮሌ ኖቫ፣ 350 ሞተር፣ ወደ 450 የፈረስ ጉልበት፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ። በአዘቦት ቀን መንገድ ላይ ትነዳታለህ፣ አርብ ማታ ድራግ (ቀጥ ባለ መንገድ የሚደረግ የፍጥነት ውድድር) ትወስዳታለህ። ስትነሳ የኋላዋ እየዘለለ ያስቸግርሃል፣ የመጀመሪያዋ 60 ጫማ 1.95 ሰከንድ ትፈጅብሃለች። ላደር ባር (ከዲፈረንሻሉ ወደ ፊት የሚሄድ መሰላል መሰል ብረት) ይሻላል ወይስ ፎር ሊንክ (ዲፈረንሻሉን የሚይዙ አራት ዘንጎች) ብለሃል። እኔ ብሆን ሁለቱንም እተዋቸው ነበር። ባሌስትራው ይቆይ።

ሳልሞክረው አይደለም የማወራው። የኔዋ የ1972 ኖቫ ናት፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው የምነዳት። ከስድስት ዓመት በፊት ልክ እንዳንተ ተናድጄ ላደር ባር ገዛሁ። የበየደልኝ ጋራዥ የግራና የቀኙን መያዣ እኩል አላደረገውም፤ አንዱ ከሌላው ወደ ግማሽ ኢንች ከፍ ብሎ ነበር። ሜዳ ላይ ስለቃት ወደ ግራ ትወረወራለች። መሪውን አርሜ ሳልጨርስ ውድድሩ ያልቃል። መንገድ ላይ ደግሞ ከዚያ ባሰ። ወደ ቤቴ ግቢ ስገባ አንዱ የኋላ ጎማ ብቻውን ከፍ ይላል፤ ላደር ባር እንዲህ ያለውን መጠማዘዝ አይወድም። እንደ አሮጌ በር ትንቋቋ ጀመር። ስምንት ወር ሳይሞላ ብየዳው ላይ ስንጥቅ አየሁ። ያወጣሁትን ብር ባለቤቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።

አሁን ያንተ መኪና ላይ የሚሆነውን ልንገርህ። ነዳጁን ስትረግጠው ጎማው ወደ ፊት ይዞራል፤ የዲፈረንሻሉ ቤት ግን በተቃራኒው መዞር ይፈልጋል። አፍንጫው፣ ማለትም ከካምቢዮው የሚመጣው ዘንግ (ድራይቭ ሻፍቱ) የሚገባበት፣ ወደ ላይ ይነሳል። የባሌስትራው የፊት ግማሽ ወደ ላይ፣ የኋላው ግማሽ ወደ ታች ይጎብጥና እባብ ይመስላል። መጎበጡ ሲበዛበት ተስፈንጥሮ ይመለሳል፣ ጎማውም መሬቱን ይለቃል። መልሶ ይይዛል፣ እንደገና ይለቃል። ያ ዝላይ እሱ ነው። ሸቭሮሌ ራሱ አይቶታል፦ የ1967 ካማሮ ላይ ነጠላ ባሌስትራ አድርጎ ችግሩ ሲመጣ፣ በ1968 አንዱን ሾክ ከዲፈረንሻሉ ፊት፣ ሌላውን ከኋላው አሰረው። ያንተም ኖቫ ሥር ብትገባ እንደዚያው ሆኖ ታገኘዋለህ።

ስለዚህ ባሌስትራውን መጣል ሳይሆን እንዳይጠማዘዝ ማድረግ ነው የሚያስፈልግህ። ርካሹ መንገድ ከባሌስትራው ሥር የሚታሰረው ትራክሽን ባር ነው፣ ጫፉ ላይ ጎሚኒ ያለው። የጎሚኒው ቦታ ወሳኝ ነው፤ ልክ ከባሌስትራው የፊት ዓይን ሥር ካላረፈ ብረት ተሸክመህ መዞር ነው ትርፉ። የተሻለው ካልትራክ የሚባለው ነው። እሱ ዝም ብሎ አይደግፍም። የዲፈረንሻሉ ቤት ሲዞር ዘንጉን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ዘንጉ ከፊት ያለችውን ሦስት ማዕዘን ብረት ያዞራታል፣ እሷ ደግሞ ባሌስትራውን ከላይ ትጫነዋለች። መኪናው ራሱ በጉልበቱ ጎማውን መሬት ላይ ይተክለዋል ማለት ነው። እኔ ይህን ካሰርኩ በኋላ 60 ጫማው ላይ ከ1.92 ወደ 1.71 ሰከንድ ወረድኩ። ሞተሩን አልነካሁም።

በባሌስትራ አይሮጥም የሚልህ ካለ፣ የኤንኤችአርኤን (የአሜሪካ የድራግ ውድድር ማኅበር) ስቶክ ክፍል ይመልከት። በባሌስትራ የሚሮጡ የ60ዎቹ መስታንጎችና ካማሮዎች የፊት ጎማቸውን አንስተው ሩብ ማይሉን በ10 ሰከንድና ከዚያም በታች ይገባሉ። የክራይስለር ሰዎችማ ገና ድሮ ሱፐር ስቶክ ለሚባለው የውድድር ክፍል የተለየ ባሌስትራ ሠርተዋል፤ የፊቱ ክፍል አጭርና ደረቅ፣ የቀኙ ከግራው ከፍ ያለ። እንዲህ የታሰረች ዶጅ ዳርት ቆማ ስታያት ጠማማ ናት። ስትነሳ ነው የምትስተካከለው። ሞተሩ የቀኙን የኋላ ጎማ ከመሬት ስለሚያቀልለው አስቀድመው ማካካሻ ሰጡት።

ፎር ሊንክ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ለሚያውቀው ሰው ከሱ የሚሻል የለም። ግን ወለሉን መቁረጥ፣ ሻንሲውን ከኋላ አዲስ መሥራት ይፈልጋል። ከዚያ ደግሞ ዘንጎቹ የሚታሰሩበት ያ ሁሉ ቀዳዳ አለ። ዘንጎቹን ባዛወርክ ቁጥር መኪናዋ የምትነሳበት መንገድ ይለወጣል። ጎማውን መሬት ላይ የሚጫነውን ኃይል ካበዛኸው ጎማው መጀመሪያ ይነክስና ወዲያው ይለቃል፤ ካሳነስከው ቂጧን ዘርግታ ትቀመጣለች። የሚለካ ሰውና የልምምድ ቀን ከሌለህ ራስ ምታት ገዛህ ማለት ነው። 8 ሰከንድ ካማረህ እንነጋገራለን።

የሚተርፍህን ብር ሾክ ላይ አውለው። ከኋላ የሚስተካከል ይሁን። ከፊት ደግሞ ቶሎ ተነስቶ ቀስ ብሎ የሚወርድ፣ 90 በ10 የሚሉት፣ ለድራግ ጥሩ ነው፤ መንገድ ላይ ግን መኪናዋን ጀልባ ያደርጋታል፣ ስለዚህ ለፊትም የሚስተካከለውን ውሰድ። ጎማ ላይ አትሰስት። እኔ 255/60-15 ድራግ ራዲያል (ለድራግ የተሠራ፣ መንገድም የሚሄድ ጎማ) አድርጌ፣ በ17 ፒኤስአይ ንፋስ፣ ከነሾኩ 60 ጫማውን 1.58 ገባሁ። የዲፈረንሻሉን አንግል አስለካው፦ ባሌስትራ ሲጎብጥ አፍንጫው ስለሚነሳ፣ ከፎር ሊንክ ይልቅ ትንሽ ወደ ታች ማየት አለበት። ድራይቭ ሻፍቱ የፊት መስቀለኛ አጠገብ መያዣ ቀለበት ይኑረው፤ ሲበጠስበት ያየሁት ሰው አለ፣ ሻፍቱ ወለሉን በስቶ እግሩ አጠገብ ነው የመጣበት። ሩብ ማይሉን በ11.49 ሰከንድ ከገባህ ደግሞ ሮል ባር (መኪናዋ ብትገለበጥ የሚጠብቅህ ብረት) ግዴታ ነው፣ ከወዲሁ አስብበት።

ሸቭሮሌ ሸቬል ላላችሁ ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም። የናንተ በሞላ ነው፣ ከፋብሪካው ራሱ አራት ዘንግ አለው። የታችኞቹን ዘንጎች አጠንክሩ፣ በቀኙ ሞላ ውስጥ የአየር ከረጢት ክተቱ፣ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ምንም ሳትገዛ በፊት ግን አንድ ነገር አድርግ። የኋላ ሾክህ ዘንግ ላይ የፕላስቲክ ማሰሪያ እሰርና ወደ ታች ሳባት፤ ስትመለስ ሾኩ ምን ያህል እንደገባ ትነግርሃለች። ጓደኛህ ደግሞ በስልኩ ከጎን፣ ዝቅ ብሎ፣ የኋላውን ጎማ ብቻ ይቅረጽ። ቀስ አድርገህ ስታየው ባሌስትራው ሲጎብጥ በዓይንህ ታየዋለህ። ካልጎበጠና እንዲያው የሚሽከረከር ከሆነ፣ ጥፋቱ የጎማው ነው፤ ካልትራኩንም አትግዛ።