መጀመሪያ ሬጉሌተሩን እይ

«2 ዓመት አርዱኢኖ ላይ ሠርቻለሁ፤ አሁን ሊኑክስ የሚነሳበት የራሴን ቦርድ ዲዛይን ማድረግ እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድማችን።

ከሊኑክሱ አትጀምር። እዚያ ቤት የሚያስቸግረው ከፕሮሰሰሩ ይልቅ ሜሞሪው ነው። ሁለቱን የሚያገናኙት መስመሮች ርዝመታቸው ተመጣጥኖ መሄድ አለበት። ቺፖቹም አብዛኞቹ እግራቸው ሆዳቸው ሥር ስለሆነ በእጅ መበየድ ፈተና ነው። መጀመሪያ ኤስቲኤም32 በሚባለው ማይክሮኮንትሮለር (ሊኑክስ የማያስፈልገው ቀለል ያለ ቺፕ) አንድ ትንሽ ቦርድ ሥራ።

እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የመጀመሪያ ቦርዴ የእንቁላል መፈልፈያ መቆጣጠሪያ ነበር። በዚህ ብርድ እንቁላል 21 ቀን ሙሉ 37.5 ዲግሪ አካባቢ ማቆየት ቀልድ አይደለም። የቦርድ መሣያ ፕሮግራሙን ኪካድን ጫንኩ፤ በነጻ ነው። ሣልኩ፣ ቻይና አዘዝኩ፣ ከስንት ጥበቃ በኋላ 5 ቦርድ መጣልኝ። በየድኩ፣ ሰካሁ። ሬጉሌተሩ፣ ማለትም ቮልቴጁን ቀንሶ ለቺፑ የሚያመጣጥነው ዕቃ፣ ጋለ። ወሩ ሐምሌ ነበርና እጄን ሞቅኩበት፤ ሌላ ጥቅም አልሰጠኝም።

ጥፋቱ የራሴ ነው። 7805 የሚባለው የተለመደ ሬጉሌተር ሰፊው ብረት ግራውንድ (የዜሮ ቮልት መስመር) ነው። እኔ የተጠቀምኩበት የኤኤምኤስ1117 ግን መውጫው ነው፣ ያው 3.3 ቮልቱ። እኔ ዳታሺት (የዕቃውን መግለጫ ሰነድ) ሳልከፍት በልማድ ከግራውንድ አገናኘሁት። አምስቱም ላይ! በምላጭ መዳቡን ቆርጬ፣ ሽቦ ዘርግቼ አንዷን አተረፍኩ።

አሁን ከማዘዜ በፊት ቦርዱን በትክክለኛ ልኩ ወረቀት ላይ አትሜ ዕቃዎቹን አስቀምጥበታለሁ። እግር ካልገጠመ እዚያው ይታያል። የትኛው እግር ምን እንደሆነ ግን ወረቀቱ አይነግርህም፤ ለእሱ ዳታሺቱን ቁጭ ብለህ ማንበብ ነው።

ለኤስቲኤም32ህ፦ በእያንዳንዱ የኃይል እግር አጠገብ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር አድርግ። «አጠገብ» ስል ጥግ ላይ ቦታ የተረፈበት ማለቴ አይደለም፤ እግሩ ሥር። ቡት ዜሮ የሚባለውን፣ ቺፑ ከየት እንደሚነሳ የሚወስነውን እግር፣ በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ ግራውንድ ሳበው፣ አለዚያ ቺፑ አንዴ ይነሳል፣ አንዴ ያኮርፋል። የታችኛውን ገጽ በተቻለህ መጠን ሳትቆራርጥ ለግራውንድ ተወው። ፕሮግራም መጫኛ ፒኖቹንም አውጣ፤ ይረሳሉ።

ይህ ከሠራልህ ኦልዊነር ቪ3ኤስ የሚባለውን ፕሮሰሰር እይ። 64 ሜጋባይት ሜሞሪ ውስጡ አለው፣ እግሮቹም በጎን ናቸው። ሊኑክስህን ያስነሳልሃል፣ ከሜሞሪ መስመር ጣጣም ትድናለህ።

ሥዕሉን ከማዘዝህ በፊት እዚህ ለጥፈው። ሬጉሌተሩን እኔ አየዋለሁ።