ብድሩ በስሜ፣ ገንዘቡ በሱ እጅ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ላንቺ እህት አለም፣ እንዴት ሰነበትሽ። ምጽፍልሽ ከምስራቅ ጎጃም ነው፣ ስሜ ይቅር። ከሁለት አመት በፊት ቀበሌያችን የውጭ ድርጅት ፕሮጀክት ገብቶ 20 ሴቶች ሆነን ተደራጀን፣ ሶስት ቀን ስልጠና ወሰድን፣ ከዛ በስሜ 15 ሺህ ብር ብድር ወጣልኝ። እኔ ያሰብኩት በግ ላደልብ ነበር። ባለቤቴ ግን ገና እቤት ከመግባቴ ገንዘቡን ተቀብሎኝ ግማሹን ለማዳበሪያ ግማሹን ለወንድሙ ሰርግ አዋለው። አሁን ከፋይዋ እኔ ነኝ፣ እንቁላል ሸጬ አረቄ አውጥቼ ነው ወር በወር ምከፍለው፣ ካጓደልኩ ደግሞ ቡድኑ ነው ሚጠየቀው፣ ጎረቤቶቼን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። ባለፈው ከድርጅቱ መጥተው ውጤታማ ሴት ብለው ፎቶ አነሱኝ። እውነቱን ልነግራቸው ፈልጌ አፌ ተያዘ። ስናገር ጠብ ነው፣ ዝም ስል ዕዳው አንገቴ ላይ ነው። ምን ላርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሶስቴ አነበብኩት። ከሁሉ በፊት ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ስላልጎበዝሽም አይደለም። ይሄ ነገር ፕሮጀክት በሚሰሩ ሰዎች ዘንድ 30 አመት ሙሉ ሲታወቅ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ሁለት ተመራማሪዎች ባንግላዴሽ ገጠር ውስጥ ብድር የወሰዱ ሴቶችን ገንዘቡን ማን ነው ሚያዝበት ብለው የሰሩት ጥናት ወጣ፣ በደንብ ራሳቸው የሚያዙበት ከ10 ሴት 4 አልሞሉም፣ የቀሩት ብር በከፊልም ይሁን ሙሉ በሙሉ ባል ወይ ሌላ ወንድ ዘመድ እጅ ነው የገባው። ባንግላዴሽ እንግዲህ ይሄ የሴቶች አነስተኛ ብድር ሚባለው ነገር ተነስቶ አለምን ያዳረሰበት አገር ነው።

እኔም ያየሁትን ልናገር። ወደዚህ አምድ ከመምጣቴ በፊት እንዲህ አይነት ፕሮጀክቶች ላይ 9 አመት ፊልድ ሰርቻለሁ፣ የሪፖርቱን ቅጽ ምሞላው እኔ ነበርኩ። ቅጹ ላይ ብድር ያገኙ ሴቶች ብዛት ሚል ቦታ አለ፣ በወቅቱ የከፈሉ ሚልም አለ፣ ገንዘቡ ምን ላይ ዋለ፣ ማንስ ወሰነ ሚል ግን የለም። ሴት ደግሞ ትከፍላለች፣ ለምን መሰለሽ፣ ይሉኝታ አለባት፣ ልክ እንዳንቺ ቡድኗን ታፍራለች፣ ዶሮዋን ሸጣም ቢሆን ትከፍላለች። ስለዚህ ሪፖርቱ ያምራል። ያንቺን አይነት ታሪክ ሴቶቹ እቤታቸው ቡና እያፈሉ ስንት ጊዜ ነግረውኛል መሰለሽ፣ ምጽፍበት ቦታ ግን አልነበረም፣ ቦታ ስጡኝ ብዬ መጮህ ነበረብኝ፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ወደሚሰራው ነገር። ባልሽን ገንዘቤን በላህ ብለሽ አትጀምሪው፣ እንደዛ ከተጀመረ ወሬው ወደ ክብር ይሄድና ዕዳው ይረሳል። የሁለታችን ዕዳ ነው፣ እንዴት አርገን እንክፈለው ብለሽ ጀምሪው። ይሄን ምልሽ ለማባበል ብቻ አይደለም፣ ሕጉም ከኋላሽ ስላለ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌደራል የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት የጋራ ሀብታቸውን በጋራ ነው ሚያስተዳድሩት ይላል፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይ ለማበደር፣ ለሰው ዋስ ለመሆንም የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል፣ ከ100 ብር በላይ የሆነ የጋራ ንብረት በስጦታ ለመስጠትም እንደዛው። የወንድሙ ሰርግ ላይ የዋለውን ብር በዚህ አይን እዪው። አማራ ክልል ግን የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፣ ላንቺ ሚሰራው እሱ ነው፣ ያንን ወረዳሽ ያለው የሴቶች ጉዳይ ወይም የፍትህ ጽሕፈት ቤት ያስረዱሻል። ብቻሽን መግባቱ ካስፈራሽ የንስሐ አባታችሁን ወይም እሱ ሚሰማውን አንድ ትልቅ ሰው ይዘሽ ተቀመጪ፣ ዕዳውን ወረቀት ላይ ጽፈሽ፣ ይሄ ያንተ ይሄ የኔ ሳይባል፣ ከመኸሩ እህል ስንት ኩንታል ተሽጦ ይከፈል ሚለውን ብቻ ተነጋገሩ። ማዳበሪያው እርሻው ላይ ገብቷል አይደል፣ እርሻው ይክፈለው።

ቡድኑ ውስጥ ደግሞ ይሄ የደረሰባት አንቺ ብቻ አትመስይኝም። ከ20ው ቢያንስ ጥቂቶቹ አንገታቸውን ደፍተው እየከፈሉ ይሆናል። ለምታምኛት ለአንዷ ንገሪያት። ቀጣይ ዙር ብድር ካለ ደግሞ እኔ ወሎ ውስጥ ሴቶች ሲያደርጉት ያየሁት መንገድ አለ፣ ብሩ በገበያ ቀን እንዲለቀቅ ያስደርጉና ሁሉም አንድ ላይ ገበያ ወርደው እዛው በግ ገዝተው ይመለሳሉ፣ እቤት ሚገባው በጉ ነው እንጂ ብሩ አይደለም። በግ ሰርግ ላይ ሊታረድ ይችላል ብትይኝ ልክ ነሽ፣ ግን የ20 ሴቶች በግ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ሲያውቅ እጅ ማንሳቱ ይከብዳል።

ሌላው፣ የመሬት ደብተራችሁን አውጥተሽ እዪው። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ክልሉ መሬት ሲመዘግብ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ እንዲኖር ነው የተደረገው። ስራው መጀመሪያ የተሞከረው ደሞ እናንተው ዞንና ደቡብ ወሎ ውስጥ ነው፣ የስዊድን መንግስት ይረዳው በነበረው የገጠር ልማት ፕሮግራም። ካየኋቸው ፕሮጀክቶች ሁሉ እኔ ምወደው ይሄን ነው። ሴቷን አበቃናት ብሎ ብዙ አላወራም፣ ፎቶዋን ደብተሩ ላይ ለጠፈው፣ በቃ። ፕሮጀክቱ ካለቀ አመታት አልፈዋል፣ ፎቶው ግን እስካሁን አለ፣ ፍቺ ሲመጣ ባል ሲሞት መሬት ሲከራይ ያ ደብተር ይናገራል። ያንቺ ስምና ፎቶ እንዳለበት አረጋግጪ፣ ከሌለ ወረዳው መሬት አስተዳደር ሄደሽ ጠይቂ፣ አሁን መንገዱ ሰላም የሆነ ቀን።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ ጠብ ስትይኝ ምን ማለትሽ እንደሆነ አልገባኝም። መምታት ካለበት ከላይ ያልኩሽን ሁሉ ተይው፣ መጀመሪያ ራስሽን አድኚ፣ ወደ ቤተሰብሽ ወይ ወደ ጤና ኤክስቴንሽኗ ሂጂ፣ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማህበርም አቅም ለሌላት ሴት በነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል። ከድርጅቱ ሰዎች ድጋሚ ለፎቶ ከመጡ እውነቱን ንገሪያቸው፣ ሚያስፈልጋቸው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ከወልቂጤ ነኝ፣ የሁለት ልጆች አባት። ሚስቴን ስልጠና እየጠሩ አበል ይሰጧታል፣ እኔ ስራ ፈልጌ አጣሁ። ፕሮጀክቱ ሁሉ ሴቶች ሴቶች ይላል፣ ወንዱን ማን ያስበው? ይሄ እኩልነት ነው ትያለሽ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስራ ማጣት ከባድ ነው፣ ብስጭትህ ይገባኛል። ግን ሁለት ነገር አንድ ላይ አደባልቀሃል። ስራ ያጣኸው ሚስትህ ስለሰለጠነች አይደለም። የሶስት ቀን አበል የቤቱን አስቤዛ ነው ሚሞላው፣ ደግሞ እሷ ስልጠና ስትሄድ ውሃውን ማን ቀዳ፣ ልጆቹን ማን አበላ? እሷው ከሆነች ከስልጠና በፊት ሌሊት ተነስታ፣ ጨዋታው ሌላ ነው፣ ፕሮጀክቱ ስራ ጨመረባት እንጂ አልቀነሰላትም።

ወንዱ ተረሳ ያልከው ላይ ግን እውነት አለህ፣ ማስረጃው ደግሞ ካንተው አገር ከጉራጌ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. ከ2014 በኋላ 64 መንደሮች ላይ አንድ ሙከራ ተሰርቶ ነበር፣ ቡና እየተፈላ 14 ጊዜ ውይይት ይደረጋል፣ አንዳንዱ መንደር ላይ ሴቶች ብቻ፣ አንዳንዱ ላይ ባሎች ብቻ፣ አንዳንዱ ላይ ባልና ሚስት አብረው፣ ለማነጻጸሪያ ደግሞ ውይይቱ ያልገባበት መንደር አለ። ሁለት አመት ቆይተው ሲያዩት በሚስቶች ላይ ሚደርሰው ወሲባዊ ጥቃት ቀንሶ የተገኘው ወንዶቹ ለብቻቸው በተወያዩበት መንደር ነው። ሴቶቹ ብቻ በተወያዩበት ግን ያን ያህል ለውጥ አልታየም። እኔ ይሄን ሳነብ ብዙ አሰብኩ፣ ለስንት አመት ሴቷን ብቻ ጠርተን መብትሽን እወቂ ብለን ወደዛው ቤት መልሰናታል።

ከናንተ ብዙ ሳይርቅ ከምባታም ላይ ቦጋለች ገብሬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የሴት ልጅ ግርዛት ይቁም ብላ ስትነሳ ወንዱን ሽማግሌውን ሁሉ አብራ አስቀምጣ ነው ያወያየችው፣ ሕዝቡ መጀመሪያ ድልድይ ነው ምንፈልገው ሲላትም ድልድዩን አሰራች። ስለዚህ ፕሮጀክቱ ሰዎች ጋ ሂድና እኛንም ለብቻ ሰብስቡን በላቸው። በሚስቴ ፈንታ ጥሩኝ አትበል፣ እኛንም በል። እስከዛ ድረስ ውሃውን አንተ ቅዳ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። አሜሪካ ሜሪላንድ ምንኖር 11 ሴቶች ነን፣ ብዙዎቻችን የባህር ዳር ዙሪያ ልጆች። የዕቁባችንን ብር ትንሽ ትንሽ አስቀምጠን በሰፈራችን ልጆች በ12 እና በ13 አመታቸው እንዳይዳሩ ለማገዝ አስበናል። በምን እንጀምር?

መልስ፦ እህቶቼ፣ እግዜር ይስጣችሁ። በቅርባችሁ የሆነ ጥሩ ትምህርት አለላችሁ። ባህር ዳር አቅራቢያ ሞሰቦ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 ብርሃን ሄዋን ሚባል ፕሮግራም ተሰርቷል፣ ከ10 እስከ 19 አመት ላሉ ልጃገረዶች። ልጅቷ ሳትዳር ትምህርቷን ወይም ውይይቷን እየተከታተለች ሁለት አመት ከቆየች ቤተሰቡ በግ ወይ ፍየል ይሰጠዋል። ከ10 እስከ 14 ባሉት ላይ ውጤቱ በጣም ደስ ሚል ነበር፣ ትምህርት ላይ የመቆየት ዕድላቸው ሶስት እጥፍ ገደማ ሆነ፣ ትዳርም ቀነሰ። ግን ከ15 እስከ 19 ያሉት ፕሮግራሙ ካልገባበት ቦታ ልጆች ይልቅ እንደውም የመዳር ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። እንደኔ ግምት ወላጅ የጠበቀው ልጅቷን ከልጅነት እስክታልፍ እንጂ 18 እስክትሞላ አልነበረም። ስለዚህ ለአንድ ልጅ አስባችሁ ከጀመራችሁ እስከ 18 አስቡ፣ ሁለት አመት ረድቶ መተው ትልቋን ልጅ ይጎዳታል።

ለእናቶቹ ደግሞ ብር በቀጥታ አትላኩ፣ ይቅርታ አርጉልኝና ይሄን በጥብቅ ነው ምለው። እ.ኤ.አ. በ2002 አዳማ ላይ ራስ አገዝ ቡድን ሚባለው ሲጀመር ሴቶቹ ከውጭ መነሻ ገንዘብ አልተሰጣቸውም፣ በየሳምንቱ የራሳቸውን ሳንቲም እየቆጠቡ ነው እርስ በርስ ሚበዳደሩት። እ.ኤ.አ. በ2025 ዩኤስኤይድ ሚባለው የአሜሪካ መንግስት የእርዳታ ድርጅት ሲዘጋ ስንቱ ፕሮጀክት ባንድ ጊዜ እንደቆመ እናንተ እዛው ሆናችሁ አይታችኋል። ሴቶቹ የራሳቸው ሳጥንና የራሳቸው ደብተር ካላቸው ግን ሳምንታዊ ስብሰባቸውን የሚያስቆም ሰው የለም። እናንተ ቡድኑን ምታወያየዋን ሴት ደሞዝና የልጆቹን ደብተርና ዩኒፎርም ቻሉ።

አንድ ነገር ጻፉልኝ፣ ከሰፈራችሁ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ስንት ሰአት ያስኬዳል? መሀል ላይ ወንዝ አለ? ክረምት ይሞላል? 8ኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ከተማ ቤት ተከራይታ መማር ካለባት ወላጅ ሚፈራው እሱን ይሆናል፣ እንደዛ ከሆነ የመጀመሪያው ብር ሚሄደው ለቤት ኪራይና አብራቸው ለምታድር አንዲት ትልቅ ሴት ነው።