ቤት ለዋለ ሰው ምን ይነበባል? ምን ይታያል?

ጥያቄ፦ እግሬ ተሰብሮ ጀሶ ውስጥ ነው፤ ስድስት ሳምንት ከቤት አልወጣም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ሳላጋምሰው ተውኩት። እንደገና ልሞክር ወይስ ቀለል ያለ ነገር ልፈልግ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርዎ። ይሞክሩ፣ ግን አጀማመርዎን ይለውጡ። አብዛኛው ሰው መጽሐፉን የሚተወው ሰብለ ወንጌልና በዛብህ ገና ሳይገናኙ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ታሪኩን የሚጀምሩት ከበዛብህ ወላጆች፣ ማንኩሳ ከሚኖሩት ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው። ርዕሱን አይቶ የፍቅር ታሪክ የጠበቀ አንባቢ እዚያ ላይ ይሰለቻል። ሰልችቶ ከዘለለው ግን ወላጆቹ በልጃቸው የተሳሉትን ስለት አብሮ ይዘለዋል፤ በኋላ በዛብህ ልቡ ለሁለት ሲከፈል ወደ ኋላ የሚጎትተው ደግሞ ያው ስለት ነው። ስለዚህ አይዝለሉት፣ ይስሙት። ወጋየሁ ንጋቱ ለሬዲዮ የተረከው ዛሬም ዩቲዩብ ላይ በክፍል በክፍል ይገኛል። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች በጆሮ ይጨርሱና በዛብህ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሲደርስ መጽሐፉን ያንሡ። ከዚያ በኋላ ሲያነቡ የፊታውራሪው ቁጣ በወጋየሁ ድምፅ ይመጣልዎታል። መጽሐፍ ዘርግቶ ትረካውን አብሮ መከተል ግን አይመከርም፤ ዓይን ከድምፅ ስለሚፈጥን ሁለቱም ይበላሻሉ።

መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነው። ለ42 ቀን ሲካፈል በቀን 13 ገጽ ገደማ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ከ10 ገጽ አይለፉ፤ በመጀመሪያው ቀን 60 ገጽ ያነበበ ሰው በሦስተኛው ቀን አያነሣውም። በጀርባ ተኝተው ሽቅብ ከያዙት እጅዎ ቶሎ ይዝላል። ሁለት ትራስ ከጀርባዎ፣ አንድ ትራስ ጭንዎ ላይ ያድርጉና መጽሐፉን እሱ ላይ ያስደግፉ፤ መብራቱ ከትከሻዎ በስተኋላ ይሁን። የሕመም ማስታገሻው እንቅልፍ ካመጣብዎት በመጨረሻ የሚያስታውሱት አንቀጽ ላይ በእርሳስ ነጥብ ያድርጉ። ገጹን ማጠፍ ብቻውን አይረዳም፤ ያንን ገጽ እያንቀላፉ አንብበውት ሊሆን ይችላል። ለዕልባት የሚሆን ወረቀት ቆርጠው የሰዎቹን ስም ይጻፉበት፦ ካሣ ዳምጤና ጉዱ ካሣ አንድ ሰው መሆናቸው ግማሽ መንገድ ላይ የሚጠፋበት አንባቢ ብዙ ነው። የማያውቁት የግዕዝ ወይም የቅኔ ቃል ሲመጣ አይቁሙ፤ የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል።

ጥያቄ፦ አራስ ነኝ። ከግማሽ ሰዓት በላይ አርፌ የምቀመጥበት ጊዜ የለም፣ እጄም ልጅ ይዟል። ምን ድራማ ልይ? ኢንተርኔቴ በጥቅል የሚገዛ ነው።

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ! «ቤቶች»ን ያዢ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ታሪክ ስላለው መሃል ላይ ልጁ ቢያለቅስና ብትተዪው የሚጎድልብሽ ነገር የለም። እንደ «ሰው ለሰው» ያሉት ረጃጅሞች ጥሩ ናቸው፣ ለአራስ ግን አይሆኑም፤ እያንዳንዱ ክፍል አንጠልጥሎ ስለሚያቆም ልጁ ሲተኛ አብረሽ መተኛት ሲገባሽ «አንድ ልጨምር» ያሰኙሻል። በአማርኛ የተመለሱት የቱርክ ድራማዎች ደግሞ ችግራቸው ሌላ ነው። አገራቸው ላይ አንዱ ክፍል ወደ ሁለት ሰዓት ይሄዳል፤ ለውጭ ገበያ ሲቆራረጥ 45 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ጭቅጭቁ ገና ሲግል ድንገት የሚያልቀው ለዚህ ነው። «እረኛዬ»ን ከክርስትና በኋላ አቆዪው። ብዙውን ነገር በምስል ስለሚናገር ዓይንሽ ልጁ ላይ ሆኖ በጆሮ ብቻ አይከተሉትም።

ስለ ጥቅሉ፦ የምስሉን ጥራት «አውቶ» ላይ አትተዪው። ኔትወርኩ ሲጠነክር ራሱ ወደ 720 ይወጣና በሰዓት ጊጋ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይበላል። 360 ላይ አድርጊው፤ በሰዓት 300 ሜጋ ገደማ ነው፣ ለስልክ ስክሪን ደግሞ ይበቃል። ትረካ ስትሰሚ 144 አድርጊው። ነፃው ዩቲዩብ ስክሪኑ ሲቆለፍ ድምፁን ያቆማል፤ ስለዚህ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ቀንሰሽ ስልኩን ገልብጠሽ አስቀምጪው። በሌሊት ስታጠቢም ብርሃኑ ልጁን አይቀሰቅስም።

ጥያቄ፦ አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤት ነው። ፖለቲካ ይወዳል፣ ልብ ወለድ ግን «የሴት ወሬ ነው» ይላል። ምን ልግዛለት?

መልስ፦ «ኦሮማይ»ን። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው ይህ ልብ ወለድ ጸጋዬ የሚባል ጋዜጠኛን ለደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ይዞት ይሄዳል። መጽሐፉ ወዲያው ታገደ፤ ደራሲው በ1976 እንደወጣ ቀረ። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ የአስመራ ሰዎች አባባል ነው፣ «በቃ፣ አከተመ» እንደማለት። በዚያ ዘመን የኖሩ ሰው ከሆኑ ገጸ ባሕርያቱን «ይኼ እገሌ ነው» እያሉ ማንበባቸው አይቀርም፣ የሴት ወሬውም ያኔ ይረሳል።

ከመንገድ ሻጭ ከገዛህ ከመክፈልህ በፊት አገላብጠው። በፎቶ ኮፒ የተባዛ ቅጂ ብዙ ነው፤ የገጽ ቁጥሩን መሃሉ ላይና መጨረሻው ላይ ተከታተል። ገጽ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ አንድ ጥራዝ ሙሉ ስለሆነ 16 ገጽ በአንዴ ሊጠፋ ይችላል። ፊደሉ የደበዘዘውን ተወው፣ ለአዛውንት ዓይን አይሆንም።

ጥያቄ፦ ቤተሰቡ ሁሉ አብሮ የሚያየው አንድ ፊልም?

መልስ፦ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ»። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ኤፍሬም የተባለ ልጅና በጉ ናቸው ታሪኩ። በ2007 ዓ.ም. በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። በጉ ይታረዳል ወይስ አይታረድም የሚለው እስከ መጨረሻው ስለሚያስጨንቅ፣ ልበ ቡቡ ልጅ ካላችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡት። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ከልጆች ጋር አትክፈቱት። 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው፣ ዘመኑ ወዲያና ወዲህ ይዘላል፣ ግፉም ከባድ ነው፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ እናንተ ራሳችሁ እንቅልፍ ሳይመጣባችሁ እዩት።